የቸኮለ አፍሶ ለቀመ



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ከእኔ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ቁም ነገር ጽፈዋል። እኔም ተራ ደርሶኝ ብዕሬን ሳነሣ ከእነርሱ የበለጠ ዕውቀት አለኝ ብዬ አይደለም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በእኔ ችኮላ ምክንያት በቤታችን የደረሰውን አንድ ነገር ብተርክላችሁ፣ በአንድ በኩል ለእኔ ንስሓ፣ በሌላ በኩል ለእናንተ ትምህርት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ነገሩም ዛሬ አብዛኞቻችን በየቀኑ የምናማርርበት ጉዳይ፣ ይኸውም በስልካችንና በኮምፒዩተራችን የምንከፍተው ድረ ገጽ ቶሎ ያለመከፈቱ ነገር ነው።

የምንኖረው ቡራዩ ነው። ቡራዩ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአስኮ ቀጥሎ ትገኛለች፤ የገፈርሳ የውሃ ግድብም በአጠገቧ ነው። ሰበታ ወደ ጅማ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። ሦስቱም አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት ከተሞች መካከል ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። በካርታ ላይ ሲያዩአቸው ጎን ለጎን የተቀመጡ ይመስላሉ። ነገር ግን በታክሲ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት የግድ ነው። ይህን አስቀድሜ የተናገርሁት ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

አባቴ ሱሉልታ ውስጥ በአንድ የሕንጻ ሥራ ላይ ዘበኛ ስለ ሆነ ወደ ቤት የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ የሚኖሩት ሰበታ ነው። ጋሼ በሕፃንነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው፣ በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብተው መምህር ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው።

ታላቅ እኅቴ በ2016 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈተነች። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 5.4 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እኅቴ ከእነዚያ አንዷ ሆነች። የዚያን ቀን እናቴ እልል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠራች። አባቴ ግን ወሬውን በስልክ ስንነግረው አንዲት ቃል መናገር አቅቶት ዝም አለ። በቤተ ሰባችን ከአባቴም ከእናቴም ወገን ከጋሼ በቀር ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ነገር ትገባባቸው ዘንድ የምትሻቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል መርጣ በድረ ገጽ መሙላት ነበር። የመሙያው ጊዜ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ገደማ፣ እኅቴ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ስልኳ አሮጌ ነው፤ መስታወቱም ከአንድ ወገን ተሰንጥቋል። ግማሹን ያህል ከሞላች በኋላ ቀጣዩ ገጽ አልከፈት አለ። በመካከሉ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች፤ እንደ ገና ትሽከረከራለች፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

እኔ በዚያን ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በሰፈራችን ስልክ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ስለሚመጣ ራሴን እንደ ታላቅ ሊቅ እቆጥር ነበር። ስለዚህ፣

«እትዬ፣ አምጪው፤ በአንድ ደቂቃ አስተካክለዋለሁ» አልኋት።

«የሞላሁትን እንዳታጠፋብኝ!» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ አትፍሪ። ይህ ስልክ የደከመው ቆሻሻ ስለ ተጠራቀመበት ነው» ብዬ ከእጇ ወሰድሁት።

ከዚያም ወደ ብራውዘሩ ሴቲንግ ገባሁና መረጃ ማጥፊያ የሚለውን ከፈትሁ። ብዙ ትንንሽ ሣጥኖች ተደርድረው መጡ። የተጎበኙ ገጾች ታሪክ፣ ኩኪ፣ ካሽ፣ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ይላሉ። እኔም አንዱንም ሳላነብ በሁሉም ላይ ምልክት አደረግሁና አጠፋሁ። ስልኩን እየሣቅሁ መለስሁላት።

ገጹ እንደ ገና ለመከፈት ከቀድሞው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ሲከፈት ግን የሞላችው ሁሉ ጠፍቶ የይለፍ ቃል ጠየቃት። እኅቴ ቃሉን በወረቀት ላይ አልጻፈችውም፤ ስልኩ ያስታውስልኛል ብላ ትታዋለች። ስልኩ ደግሞ እንዳያስታውስ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አዲስ የይለፍ ቃል ለማግኘት የምስጢር ቍጥር በስልክ መልእክት ይላካል። እርሱም የሚላከው ስትመዘገብ ወደ ሰጠችው ወደ አባቴ ስልክ ነው። ወደ አባቴ ብንደውል ስልኩ ዝግ ነው። በሚጠብቅበት ስፍራ መብራት ጠፍቶ ባትሪው አልቆበት ነበርና።

እኅቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ዝም አለች። እናቴም ምጣዱን ትታ መጥታ፣ «ልጄ፣ ሳያውቁ ከመነካካት ጠይቆ መንካት አይሻልም ኖሯል?» ብላ ተመለሰች። እኔም ያን ጊዜ ከመሬት በታች ብገባ ደስ ባለኝ።

ማንን ልጠይቅ ብዬ ሳስብ ጋሼ ትዝ አሉኝ። ጋሼ ኮምፒዩተርና ስልክ የሚጠቀሙት ጽሑፉን ድምፅ አድርጎ በሚያነብላቸው ፕሮግራም ነው። እኛ በዓይናችን ከምናየው ይልቅ እርሳቸው በጆሮአቸው የሚሰሙት ፈጥኖ እንደሚገባቸው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰበታ ደውዬ ያደረግሁትን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ ሦስት ነገር ጠየቁኝ።

«መጀመሪያ፣ ያጠፋኸው ምን ምኑን ነው?»

«ሁሉንም ነው፣ ጋሼ።»

«ሁለተኛ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው? በዚህ ሰዓት ሠራተኛው ከሥራ፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት ተመልሶ ሁሉም በየቤቱ ስልኩን ይዟል። በአንድ ሰፈር ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ምሰሶ አንድ ነው። ያንን አንድ ምንጭ ሁሉም በየማድጋው ሲቀዳ ወረፋው ይረዝማል። ሦስተኛውን ግን አስበህ መልስልኝ። ከእኅትህ ስልክ ላይ ሌላ የሚጠጣ ማን አለ?»

ማንም የለም ልል አፌን ስከፍት እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ለካስ ከእራት በፊት የእኔ ፓኬጅ ስላለቀ ስልኬን ከእኅቴ ሆትስፖት ጋር አያይዤው ነበር! አውጥቼ ባየው፣ በቴሌግራም ከምከታተላቸው የኳስ ገጾች የመጡትን ቪዲዮዎች እኔ ሳላዘው በራሱ እየጫነ ነው። ከዚህም በላይ ሌሎች አፕሊኬሽኖች ራሳቸውን በማደስ ላይ ነበሩ። የእኅቴን የዩኒቨርሲቲ ገጽ አላስከፍት ያለው የእኔው የኳስ ጨዋታ ኖሯል። ሐኪም ነኝ ብዬ ስነሣ በሽታው ራሴ ሆኜ ተገኘሁ።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሣቁ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ቆሻሻ ነው ብለህ የጣልኸው ካሽ ቆሻሻ አይደለም፤ ጎተራ ነው። ብራውዘሩ አንድን ገጽ መጀመሪያ ሲከፍት ሥዕሉን፣ የፊደሉን ቅርጽና የገጹን አሠራር ከሩቅ አገር ያመጣና በስልክህ ውስጥ ያኖረዋል። በማግሥቱ ያንኑ ገጽ ስትከፍት ያለውን ከጎተራው ያወጣል፤ ከገበያ የሚያመጣው የጎደለውን ብቻ ነው። ጎተራውን ባዶ ያደረገ ሰው ምሳው ይፈጥንለታል? ካሽ የሚጠፋው ገጹ ተበላሽቶ አሮጌ ነገር ሲያሳይ፣ ወይም ስልኩ ሞልቶ ቦታ ሲያጣ ነው። ኩኪ ደግሞ ማን እንደ ሆንህ ለገጹ የሚያስታውስ ምልክት ነው፤ እርሱን ስታጠፋ ገጹ አላውቅህም ይልሃል። አሁን ተኛና ሌሊት ተነሥ። ፓወር ባንክ ሞልተህ ወደ አባትህ ሂድ። እኅትህ ቤት ትቆይ።»

በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ በሚሄደው የመጀመሪያው ታክሲ ተሳፈርሁ። ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ደግሞ ዳገቱን ወጥቼ ወደ ሱሉልታ ወረድሁ። የሱሉልታ ሜዳ በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ የሣር ክምሮች ከጭጋግ ውስጥ ብቅ ብቅ ይሉ ነበር። ወተት የጫኑ ሰዎችና ለልምምድ የወጡ ሯጮች መንገዱን ይዘውታል። እኔ ግን ያን ሁሉ ውበት በሚገባ አላየሁትም፤ ልቤ ከሰዓቱ ጋር ይሮጥ ነበርና።

አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ሲሞቅ አገኘሁት። ሲያየኝ የሞተ ሰው ያለ መስሎት ደነገጠ። ነገሩን ስነግረው ስልኩን ከፓወር ባንኩ ጋር አያይዘን ባትሪው ጥቂት እስኪይዝ ጠበቅን። በዚያ መካከል አባቴ ወደ ከተማው እያመለከተ፣ በደርግ ዘመን በሱሉልታ ስለ ተሠራው የሳተላይት ጣቢያና ወደ ሰማይ ስለሚመለከቱት ትልልቅ ሳሕኖች ያጫውተኝ ጀመር። «በእኛ ልጅነት ወደ ውጭ አገር የሚደወል ስልክ በእርሱ በኩል ይሄድ ነበር ይባላል። ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ተናግሮ የሌላው መልስ እስኪመጣ ጥቂት ይቆይ ነበር» አለኝ።

ይህን የአባቴን ነገር ኋላ በፊዚክስ ትምህርታችን አሰላሁት። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። የሬዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዝም ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ለመውረድ ወደ ሩብ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ጥያቄ ሄዶ መልስ ሲመለስ ግማሽ ሴኮንድ ሊሞላ ነው። ዛሬ አብዛኛው መልእክት የሚጓዘው በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር በሚወጣ የመስታወት ክር ስለ ሆነ መንገዱ እጅግ አጥሯል። ቢሆንም አንድ ድረ ገጽ በአንድ ጥያቄ ብቻ አይከፈትም። ብራውዘሩ ሥዕሉን ለብቻ፣ ፊደሉን ለብቻ፣ ማስታወቂያውን ለብቻ እየጠየቀ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ ድረ ገጽን ማፍጠን ማለት በአብዛኛው ምልልሱንና ሸክሙን መቀነስ ነው።

የአባቴ ስልክ ሲበራ እኅቴ ከቡራዩ የምስጢር ቍጥሩን ጠየቀች። መልእክቱ ሱሉልታ ደረሰ። አባቴ በወጉ ማንበብ ስለማይችል ቍጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ፣ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብሎ አነበበላት። እኔ ከጎኑ ነበርሁ፤ ነገር ግን «ስጠኝ ላንብበው» አላልሁትም። እርስዋም ጋሼ ሌሊቱን እንደ መከሯት ሌሎቹን ታቦች ሁሉ ዘግታ፣ ሆትስፖቱን አጥፍታ፣ የአፕሊኬሽኖቹን መታደስ አግዳ ነበርና፣ በዚያ በማለዳ ሰዓት ገጹ ተከፍቶላት ሞልታ ጨረሰች። ላከችልንም፤ «ጨርሻለሁ» ትላለች። አባቴ ስልኩን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ተመስገን» አለ።

ከዚያ ወዲህ ከጋሼ እየጠየቅሁና ራሴም እየሞከርሁ የተማርሁትን ለጓደኞቼ በአጭሩ ልግለጽ።

አንደኛ፣ ሸክሙን መለየት ነው። ዛሬ ብዙ ድረ ገጾች እያንዳንዳቸው ከ2 ሜጋባይት በላይ ይመዝናሉ፤ የዚህም ትልቁ ድርሻ ሥዕል ነው። ኔትወርኩ ደክሞ በሴኮንድ 200 ኪሎቢት ብቻ የሚያመጣ ቢሆን፣ 2 ሜጋባይት 16,000 ኪሎቢት ስለ ሆነ ገጹ ለመከፈት 80 ሴኮንድ ይፈጃል። አሁን የምታነቡት ይህ ጽሑፌ ግን፣ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ቢወስድም፣ ከነቦታው ከ40 ኪሎባይት ስለማይበልጥ በዚያው ኔትወርክ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ይደርሳል። በኮምፒዩተር ላይ በክሮም ሴቲንግ ውስጥ ድረ ገጾች ሥዕል እንዳያሳዩ ማድረግ ይቻላል። ለማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ሥዕል አንብበው መምህር ሆነዋልና ጽሑፍ ብቻውን እንደሚበቃ ምስክር ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሳናዝዝ የሚጠጣውን መዝጋት ነው። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ሥዕልና ቪዲዮ በራሱ እንዳይጫን ማድረግ፣ አፕሊኬሽኖችም በሞባይል ዳታ እንዳይታደሱ መከልከል ይገባል። በክሮም ውስጥም ገና ያልተከፈቱ ገጾችን አስቀድሞ የሚያመጣ ሥርዓት አለ። ብዙ ፓኬጅ ላለው ሰው ያፈጥናል፤ በትንሽ ካርድ ለሚኖር ግን የማያነበውን ገጽ ያስከፍለዋልና ቢዘጋው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ለሥራው የሚስማማ መሣሪያ መምረጥ ነው። ኦፔራ ሚኒ የሚባለው ብራውዘር ገጹን አስቀድሞ በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ጨምቆ ስለሚልክ ወሬ ለማንበብ እጅግ ፈጣን ነው። ነገር ግን ብዙ በሚጨምቅበት ጊዜ የገጹ አሠራር ሊጎድል ስለሚችል ቅጽ ለመሙላት አይመከርም። ክሮምም ቀድሞ እንዲህ ያለ ዳታ ቆጣቢ ነበረው፤ ነገር ግን በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ስለ ተነሣ ዛሬ እርሱን በሴቲንግ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

አራተኛ፣ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 የሚሉትን ቍጥሮች ማስገባት ሁሉን ነገር ያፈጥናል የሚባለውን በልክ መስማት ነው። እነዚህ ቍጥሮች የገጹን ስም ወደ አድራሻ የሚለውጡ መዝገቦች ናቸው። ቤቱን ቶሎ ያሳዩሃል፤ መንገዱን ግን አያሰፉልህም።

አምስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የይለፍ ቃልን በደብተር ጽፎ በደኅና ቦታ ማኖር ነው። የእኅቴ ዛሬ እናቴ የቤቱን ሰነድ በምታኖርበት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

እኅቴ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። የምትሄድ ቀን አውቶቡሱ በሰበታ ስለሚያልፍ ጋሼ በትራቸውን ይዘው ከመንገድ ዳር ቆመው ነበር። እርስዋም በመስኮት እጇን አውጥታ ስታውለበልብ፣ እንዳላዩአት ትዝ ሲላት «ጋሼ፣ እኔ ነኝ!» ብላ እንደ ጮኸች ደውላ ነገረችኝ። ስለዚያች ምሽት ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ የሆነውን ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው። እኅቴ ቡራዩ፣ ምክሩ ሰበታ፣ የምስጢሩ ቍጥር ሱሉልታ ነበር። ሦስቱ ባይጋጠሙ ኖሮ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት በእኔ አንዲት ጣት ሊጠፋ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለካስ ለዚህም ኖሯል። ዘንድሮ እኔ ራሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ተራው የእኔ ነው። የሰፈሬ ሰዎች ዛሬም የተበላሸ ስልክ ያመጡልኛል። እኔም ከመንካቴ በፊት እንደ ጋሼ ሦስት ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ሣጥኖቹንም አንድ በአንድ አነባለሁ።

ለሁላችንም መልካም ውጤት ይስጠን። ጋሼ ይህን መጽሔት ሰው እንዲያነብላቸው ቃል አስገብተውኛልና፣ እንደ ወጣ ራሴ ሰበታ ሄጄ አነብላቸዋለሁ።